ወንበሩን የማያነሳ ስፖርት

ማታ አራት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ምንጣፉ ላይ መዝለል ጀመርኩ። እጅ ወደ ላይ፣ እግር ወደ ጎን። እጅ ወደ ታች፣ እግር አንድ ላይ። መጽሐፍ ላይ ያስደገፍኩት ስልኬ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ 30፣ 29፣ 28። ሃያ ሳይደርስ ከስር በመወልወያ እንጨት ኳ፣ ኳ፣ ኳ ተደረገ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን መልእክት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እኔ ቆምኩ፤ ስልኩ ግን አልቆመም። 15፣ 14፣ 13።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ላይ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ተገናኘን። ትልቅ እናት ናቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ ምን እየሆንክ ነው?» አሉኝ። ስፖርት እየሰራሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «እንዴ! ቀኑን ሙሉ ስትሰራ አልዋልክም?» አሉኝ።

ሳቅን፤ ተለያየን። ጥያቄያቸው ግን ቢሮ ድረስ ተከተለኝ። እውነት ነው፣ በአማርኛ ኳስ እንጫወታለን እንጂ ስፖርት አንጫወትም። ስፖርት እንሰራለን። ለደመወዝ የምናደርገውንም ለጤና የምናደርገውንም በአንድ ግስ ነው የምንጠራው። እኔ ደግሞ ከአንዱ ስራ ወጥቼ ወደ ሌላው ስራ በሁለት እርምጃ ነበር የተሻገርኩት፤ ከወንበሩ እስከ ምንጣፉ።

ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አራቱን ያሳለፍኩት ወገቤን እያመመኝ ነው። ሐኪም አይቶኛል። የተሰበረም የተንሸራተተም ነገር የለም። «መቀመጥ ቀንስ፣ እንቅስቃሴ አድርግ» ብሎ ሸኘኝ። ሁለተኛውን ምክር የሚሸጥልኝ ሰው ሞልቷል፤ አፕ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ላስቲክ አለ፣ ምንጣፍ አለ። የመጀመሪያውን የሚሸጥ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

በእንዲህ ያሉ መጽሔቶች ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ፊልም ይተቻል። እኔ ዛሬ ልተች የመጣሁት ብዙ ሰው በየቤቱ፣ በላብ፣ በሰውነቱ የሚያነበውን አንድ ጽሑፍ ነው፦ የሰባት ደቂቃውን ስፖርት። ጽሑፍ ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ደራሲ አለው፣ ርዕስ አለው፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አንባቢዬ ይህ ነው» ብሎ የገመተው ሰው አለ። ያ ሰው እኔ መሆን አለመሆኔን ለማወቅ ነው ይህን የምጽፈው።

አሥራ ሁለት እንቅስቃሴ፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ይሰሩ የነበሩ ብሬት ክሊካና ክሪስ ጆርዳን የተባሉ ሁለት የስፖርት ባለሙያዎች በአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። 12 እንቅስቃሴዎች፤ እያንዳንዳቸው 30 ሴኮንድ፤ በመካከላቸው 10 ሴኮንድ። ጂም አያስፈልግም፤ የራስህ ክብደት፣ ግድግዳና ወንበር ይበቃሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጽሑፉ ከዘገበ በኋላ ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። አፕ ሰሪዎች ተሻሙበት። የእኔም ስልክ ላይ ያለው ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው።

መጀመሪያ ማመስገን ያለብኝን ላመስግን። አሠራሩ ያምራል። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። ዝላይ ሰውነትን ያሞቃል፤ ከዚያ እግር በግድግዳው ላይ ይሰራል፤ ከዚያ ደረትና ክንድ በፑሽ አፕ፤ ከዚያ ሆድ። አንዱ ጡንቻ ሲሰራ ሌላው ያርፋል፤ ስለዚህ ሰውየው ሳያርፍ ሰውነቱ በየተራ ያርፋል። ኮድ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ ባርኔጣውን ያነሳል። ባዶ የሚቀመጥ ፕሮሰሰር የለም።

አሁን ወደ ሒሱ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ደምሩት። 12 ጊዜ 30 ሴኮንድ 360 ይሆናል። በመካከል 11 እረፍቶች አሉ፤ 110 ሴኮንድ። ድምሩ 470 ሴኮንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ከ50። ስምንት ሊሆን 10 ሴኮንድ ነው የቀረው። «ሰባት» የሚለው ቁጥር ግን ከ«ስምንት» ይልቅ ጆሮ ውስጥ ይጥማል፤ ስለዚህ ሰባት ቀረ።

ይህ ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ ሌላ ነው። ደራሲዎቹ ዙሩ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ጽፈው ነበር፤ ሦስት ዙር ደግሞ ከ20 ደቂቃ ያልፋል። በዚያ ላይ የታሰበው እንደ ዋዛ የሚሰራ ሳይሆን ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ከአስር ስምንት ያህል የሚያስጨንቅ ልምምድ ነበር። ጽሑፉ ከመጽሔት ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ አፕ፣ ከአፕ ወደ ቲክቶክ ሲሸጋገር በየደረጃው አንድ ነገር ተቆረጠለት። መጀመሪያ ድግግሞሹ ሄደ። ቀጥሎ ጭንቀቱ ሄደ። የቀረው «ሰባት ደቂቃ» ብቻ ነው። ግጥም ሲተረጎም ቤት መምታቱ እንደሚቀር፣ እዚህም መጀመሪያ የቀረው ከባዱ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ቋንቋው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ንዑስ ርዕስ በትንሽ ኢንቨስትመንት ከፍተኛ ውጤት እንደሚገኝ ያበስራል። ኢንቨስትመንት! ሰውነቴ አክሲዮን ሆነ፤ ላቤ ካፒታል ሆነ። ደራሲዎቹ ያሰቡት ሰው ከሆቴል ሆቴል የሚዞር ጊዜ የሌለው የቢዝነስ ተጓዥ ነበርና ቋንቋው ለእሱ ይገባዋል። ለእኔ ሲደርስ ግን እንዲህ ይላል፦ ጊዜህን ማን እንደወሰደው አንጠይቅም፤ የተረፈችህን ሰባት ደቂቃ አምጣት።

ሦስተኛ፣ ርዕሱ ላይ ያነሳሁት ነገር። በዚህ ድርሰት ውስጥ ሁለት ዕቃዎች ብቻ ይታያሉ፤ ግድግዳና ወንበር። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ይገባል። አምስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ትወጣበታለህ፣ ትወርድበታለህ። ሰባተኛው ላይ ጀርባህን ሰጥተህ በክንድህ ትንጠለጠልበታለህ። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ደግሞ ሳቅ ያመጣብኛል፤ ግድግዳ ተደግፈህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ፣ ወንበር በሌለበት ቦታ ትቀመጣለህ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ውዬ ማታ ላይ አየር ላይ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ በድርሰቱ ውስጥ አለ፤ ግን መሣሪያ ሆኖ ነው ያለው። አሥር ሰዓት ያህል አጣብቆኝ የዋለው ያው ወንበር እንደሆነ አንድም ቦታ አይነገርም። ምስክር ሆኖ ይቀርባል እንጂ ተከሳሽ ሆኖ አይቀርብም። ይህ ስፖርት ወንበሩን ሁለት ጊዜ ያሰራዋል፤ አንድም ጊዜ ግን አያነሳውም።

ሹፌሩና ረዳቱ

ወንበሩ ተከሳሽ መሆኑን እኔ አይደለሁም መጀመሪያ ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ላንሴት መጽሔት ላይ ስለ ለንደን አውቶቡሶች ሠራተኞች ጥናት አሳተመ። የለንደን አውቶቡስ ባለሁለት ፎቅ ነው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱም በአንድ መኪና፣ በአንድ ከተማ፣ ለአንድ ድርጅት ነው የሚሰሩት። ሆኖም በልብ በሽታ በብዛት የሚጠቁት ሹፌሮቹ ነበሩ። በኋላ ሞሪስ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ ሲያይ፣ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከፊሉ ከመጀመሪያውም የነበረ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ጻፈ። ሐቀኛ ሰው ነበር። ግን ጥያቄው ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህም አልተዘጋም።

የእኛን ሚኒባስ አስቡት። ሹፌሩ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል፣ ዘሎ ይገባል። ማንም ረዳት ማታ ቤቱ ገብቶ የሰባት ደቂቃ አፕ ሲከፍት አይታየኝም። የረዳት ኑሮ ምቹ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጉልበቱም ያልቃል፣ ጭሱም ይገባዋል። ማለት የፈለግኩት፣ ሞሪስ ያየው የሰዎቹን ስንፍና ወይም ትጋት ሳይሆን የስራቸውን ቅርጽ ነበር። ሹፌሩ ሰነፍ ስለሆነ አልነበረም የተቀመጠው። መኪናው የተሠራው እንደዚያ ነው።

ቁጥር ለሚወድ ሌላ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚያው ላንሴት ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ወጡ። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መቀመጥ ከሚያመጣው የሞት አደጋ ጋር ተያይዞ የታየው ልዩነት የጠፋው፣ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ነበር። ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ። እኔ ቀኑን ሙሉ ለተቀመጥኩበት ሰባት ደቂቃ ስከፍል ዕዳዬን እየከፈልኩ አልነበረም። ወለዱንም አልነካሁትም።

«ሰላም ቤተሰብ»

የአማርኛዎቹን የዩቲዩብ አሰልጣኞች ማየት የጀመርኩት ከጎረቤቴ ጥያቄ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ለማሾፍ ነበር የገባሁት። አንድ ነገር ግን አስቆመኝ።

የእንግሊዝኛው አፕ «አንተ» ይሁን «አንቺ» ሳይለይ ያዛል፤ የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጾታም ቁጥርም የለውምና። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። «ዝለል» ካልክ ለአንድ ወንድ ነው፤ «ዝለዪ» ካልክ ለአንዲት ሴት ነው። አሰልጣኙ መምረጥ አለበት። ብዙዎቹ የሚመርጡት ሦስተኛ መንገድ ነው፦ «እንዝለል። እንውረድ። አሁን ደግሞ እጃችንን እንዘርጋ።» አብሮን ይዘላል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ይሰማል። ከመጀመሩ በፊትም «ሰላም ቤተሰብ» ይለናል። አዎ፣ ቤተሰብነታችን ሰብስክራይብ እስክናደርግ ድረስ ሊሆን ይችላል። ግን ሰዋስዉ ብቻውን አንድ ነገር አድርጎልኛል። «ዝለል» የተባለ ሰው ሲደክመው ይሰንፋል፤ «እንዝለል» የተባለ ሰው ሲደክመው ጎኑን ያያል።

እዚህ ላይ ጃፓንን ማንሳት ግድ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በሬዲዮ በፒያኖ ታጅቦ የሚተላለፍ የጥቂት ደቂቃ እንቅስቃሴ አላቸው፤ ራዲዮ ታይሶ ይባላል። ሐሳቡን ያመጡት የፖስታ ቤቱ የሕይወት መድን ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ያዩት አሜሪካ ውስጥ አንድ የመድን ኩባንያ በሬዲዮ ያስተላልፈው ከነበረው ነው። መድን ድርጅት ለምን ስፖርት ያሰራል? ደንበኛው ቶሎ እንዳይሞትበት። ስለዚህ አጭር ስፖርት ሲወለድም ንጹሕ አልነበረም፤ ከጀርባው ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ነበር። ግን አንድ ልዩነት አለ። ራዲዮ ታይሶን ብዙ የጃፓን ፋብሪካዎችና የግንባታ ቦታዎች ጠዋት ስራ ሲጀመር በጋራ ነው የሚሰሩት። ደቂቃዎቹ የሚቆረጡት ከሠራተኛው እንቅልፍ ሳይሆን ከስራው ቀን ነው። የእኔ ሰባት ደቂቃ የተቆረጠችው ግን ከእኔና ከጎረቤቴ እንቅልፍ ነው።

መታሸት

ስፖርት ይሰራል፤ ማሳጅ ግን አይሰራም። «ልታሽ ሄድኩ» ነው የሚባለው። ግሱ ተገብሮ ነው። አንዱ ላይ አድራጊው አንተ ነህ፤ ሌላው ላይ ተደራጊው። ቀኑን ሙሉ ሲያደርግ ለዋለ ሰው መደረግ በራሱ ዕረፍት ነው።

አባቴ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲንጀር ላይ አጎንብሶ ነው ያሳደገን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈራችን ውስጥ ወደሚኖሩ አንድ ወጌሻ ይሄዳል። አንዳንዴ አብሬው እሄድ ነበር። በቅባት ያሹታል፤ እሱ ያቃስታል። ሲጨርስ ተነስቶ ትከሻውን ያሽከረክርና «ለሳምንት በቃኝ» ይላል። ሰኞ ሲንጀሩ ላይ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወጌሻው ጋ። ከሃያ ዓመት በላይ እንደዚህ ነው የኖረው።

ወጌሻ የሚለው ቃል ዛሬም አልሞተም። ኳስ ስናይ ተጫዋች ሲወድቅ «ወጌሻው ወደ ሜዳ ገባ» ይላል ጋዜጠኛው፤ የገባው ሰው ዲግሪ ያለው ፊዚዮቴራፒስት ቢሆንም። ዋግምትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ የመሰለ ነገር ይዞ ሲወጣ ዓለም «ይህ ምንድን ነው?» አለ። አያቶቻችን ግን ዋግምትን በቀንድ ሲያስደርጉ ኖረዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በብርጭቆና በፕላስቲክ ኩባያ፣ ሂጃማ በሚል ስም ጭምር፣ ከስራ መልስ ጎራ የሚልበት ወጣት ብዙ ነው። እናቴ ራሴን አመመኝ ስላት ዳማከሴ አሽታ ታሸተኛለች። ማሸት የማይገባበት ነገር የለንም።

ታዲያ ይሰራል ወይ? መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኮክሬን ለረጅም ጊዜ በቆየ የወገብ ሕመም ላይ የተደረጉ 249 የእንቅስቃሴ ጥናቶችን ሰብስቦ ገመገመ። ምንም ካለማድረግ ወይም ከተለመደው ክትትል ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ ከመቶ 15 ነጥብ ያህል ቀንሷል። ተአምር አይደለም፤ ግን እውነት ነው። ማሳጅ ለአጭር ጊዜ እንደሚያስታግስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ጥንካሬያቸው ግን ደካማ ነው። አኩፓንክቸር ደግሞ ከአስመሳይ መርፌ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ስለ ሕመሙ መማርን፣ እንቅስቃሴን፣ ማሳጅን ጭምር ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶንና ኦፒዮይድ መድኃኒቶችን ግን አይመክርም። ሁላችንም ቢሮ ውስጥ ያንን ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ የሚመጣ አንድ ሰው እናውቃለን።

ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። አንደኛው፣ ስብራት ይዞ ወጌሻ ጋ መሄድ አደጋ አለው። አጥብቆ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም ተቋርጦበት እስከ መቆረጥ ይደርሳል፤ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ሁለተኛው፣ የወገብ ሕመም እግር ማደንዘዝ፣ ማስነከስ ወይም ሽንት መቆጣጠር ማሳጣት ከጀመረ አፕም ወጌሻም አይደለም መልሱ። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ደግሞ ማስታወቂያዎቹ አሉ። «መርዝ ያወጣል።» የትኛውን መርዝ? ስሙ ማነው? ስንት ነበር፣ ስንት ቀረ? እኔ ቢሮ ውስጥ «ሲስተሙ ላይ ችግር አለ» ብዬ ብቻ ብጽፍ የቡድን መሪዬ «ኤረሩን አምጣ» ነው የሚለኝ። የማስታወቂያው መርዝ ግን ኤረር የለውም፣ ሎግ የለውም። ስም የሌለው ጠላት በየወሩ ሊመለስ ይችላል፤ ደንበኛውም አብሮ ይመለሳል። ሰውነታችን ቆሻሻውን የሚያወጣባቸው ጉበትና ኩላሊት አሉት፤ ያለ ቀጠሮ ይሰራሉ። መታሸት ደስ ይላል ማለት ይበቃ ነበር። ደስታ ብቻውን አይሸጥም ብለው ነው መሰለኝ መርዙን የጨመሩበት።

የአባቴን ነገር ልጨርስ። አባቴ ወጌሻ ጋ መሄድ ያቆመው ሲንጀሩን በሸጠ በሁለተኛው ወር ነው። ማንም አልከለከለውም። አንድ ቅዳሜ ሳይሄድ ቀረ፤ ቀጣዩንም ቀረ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር እስከ ጃንሜዳ በእግሩ ይሄዳል። የአንድ ሰው ታሪክ ጥናት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የእኔ አባት ነው።

እኛ ሜሞሪ የሚያፈስ ፕሮግራም ሲያጋጥመን አንዳንዴ የምንሰራት ነገር አለች። ስህተቱን መፈለግ ጊዜ ስለሚወስድ ሰርቨሩ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ራሱን ሪስታርት እንዲያደርግ እናዝዘዋለን። ጠዋት ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ማንም አያማርርም። ስህተቱም እዚያው ነው። ወጌሻው የአባቴ ሪስታርት ነበሩ። እኚያን ሰው አልወቅስም፤ እጃቸው ባይኖር አባቴ ሰኞን አይደርስም ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም፣ እኛ ልጆቹ ጭምር፣ ስለ ሲንጀሩ ከፍታና ስለ በርጩማው አንድም ቃል አልተናገርንም። ወገቡን ነበር የምንጠይቀው።

የወገብ ቀጠሮ

ይህን ጽሑፍ ለስራ ባልደረባዬ ሳነብለት ተናደደብኝ። «አንተ ወንበሩን እስክትከስ ወገብህ ይጠብቅሃል?» አለኝ። «ሰባት ደቂቃም ከዜሮ ይሻላል።»

ልክ ነው። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሠራት አለበት የሚለውን የቀድሞ መስፈርት ትቶታል። ሦስት ደቂቃም ትቆጠራለች፤ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል። ግቡ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ነው። ስለዚህ ሒሴ ስለ ማጠሩ አይደለም። እኔም አልተውኩትም። ዝላዩን ትቼ በቦታዬ ቀስ ብዬ ጉልበቴን በማንሳት ተክቼዋለሁ፤ ወንበር ላይ መውጣቱን በደረጃው ተክቼዋለሁ፤ ሁለት ዙር እሰራለሁ። ከታች ኳ የሚል የለም።

ሒሴ ስለ ዝምታው ነው። ይህ ዘውግ፣ አፑም፣ ቪዲዮውም፣ ስፓውም፣ አንድ ዓይነት ዋና ገጸ ባሕርይ ነው ያለው፦ ጊዜ የሌለው ሠራተኛ። ጊዜው ለምን እንደሌለው ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። እንደ ዝናብ፣ እንደ ክረምት፣ የተፈጥሮ ነገር ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ከዚያ ሁሉም ምክር ወደዚያው ሰው ይመለሳል፤ በርታ፣ ተነሳ፣ ሰበብ አታብዛ። ባልሰራሁ ቀን የሚያመኝ ወገቤ ብቻ አይደለም፤ ኅሊናዬም ነው። በሽታው የስራው ሆኖ ሳለ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።

ጊዜ ግን ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅም ያዛል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ከማንኛውም የስፖርት አፕ በላይ ለወገቤ የተጻፉ ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ደንበኞቻችን ባሕር ማዶ ስለሆኑ ስብሰባችን ምሽት ላይ ነው፤ ቀኑ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚጀምረው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም አያነሳውም።

እኔ አነሳሁት። ጀግንነት አልነበረም፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የምሽት ስብሰባ ያለበት ሰው በማግስቱ ዘግይቶ ይግባ አልኩ። «አሪፍ ሐሳብ ነው፣ እናየዋለን» ተባለ። እስካሁን እየታየ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር ግን ጨምሬ ነበር። በየቀኑ «ስታንድ አፕ» የምንለው ስብሰባ አለን። ስሙ እንደሚለው ቆሞ የሚደረግ ነው፤ የታሰበውም ሰው ቆሞ ስለማይመቸው ቶሎ እንዲያልቅ ነበር። እኛ ግን ተቀምጠን፣ በቪዲዮ፣ ለአርባ ደቂቃ ነው የምናደርገው። «ቢያንስ ይህንን እንቁም» አልኩ። ሳቁ። በማግስቱ እኔ ብቻዬን ቆምኩ። በሳምንቱ ሦስት ሆንን። ካሜራው ከደረታችን በላይ ስለማያሳይ ከስክሪኑ ላይ ራሳችን ይቆረጣል፤ የቡድን መሪያችን የሚያወራው ከሦስት ሸሚዞች ጋር ነው። ትናንት ስብሰባው በአሥራ ስምንት ደቂቃ አለቀ።